ኮዱን የያዘው ማን ነው?

«ውክልና ድሮ ነበር ጣጣው፤ አሁን በስልክ በአምስት ደቂቃ ያልቃል» የሚሉን ሰዎች በዝተዋል። ባትሃ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ይሉናል፣ በዋትስአፕ ድምፅ ይልኩልናል፣ ቲክቶክ ላይ እየሳቁ ይነግሩናል። እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሪያድ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ትምህርቴም ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። ሕግ ላስተምር አይደለም የተነሳሁት። ግን ይሄ አምስት ደቂቃ የሚሉት ነገር ለማን ነው አምስት ደቂቃ? ማታ ማታ ማዳሟ ስልኳን ለምትቀማት ልጅ ነው? ሲሟ በከፊሏ ስም ለተመዘገበባት ነው? ወይስ የእኛን ኢቃማ ፎቶ አንስቶ እሱ ቁጭ ብሎ ለሚሞላው ደላላ?

እህቶቼ፣ እኛ ወደ አገር ቤት ውክልና የምንልከው ለቀልድ አይደለም። ቦታ ለመግዛት፣ የማኅበር ቤት ለመፈረም፣ የአባት ውርስ ለመካፈል፣ ባንክ ያለ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ፣ ፍርድ ቤት ለመከራከር ነው። ሰው ቤት ምንጣፍ ስናራግፍ፣ የሰው ልጅ ስናሳድግ የከረምንበት ገንዘብ ሁሉ በዚያች አንድ ወረቀት ውስጥ ያልፋል። ወረቀቷን የያዘ ሰው እኛን ሆኖ ይቆማል፤ እኛን ሆኖ ይፈርማል። ስለዚህ ወረቀቷ እንዴት እንደምትወጣ የማወቅ ጉዳይ የተማሩት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መንገዷ እንዲህ ነው። የሰጪና የተቀባይ ስም እስከ አያት ተሞልቶ ጽሑፉ ይዘጋጃል። ፓስፖርትሽን ይዘሽ ኤምባሲ ትቀርቢያለሽ፤ ጅዳ በኩል ያለች ደግሞ ቆንስላው ጋ። ሠራተኛው ፊት ትፈርሚያለሽ፣ ማኅተምና ቁጥር ይመታበታል። ዋናው ወረቀት አገር ቤት ይሄዳል። እዚያ ወኪልሽ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ የኤምባሲው ማኅተም እውነተኛ መሆኑን ያስረጋግጣል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ያስመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ነው መሬት አስተዳደሩም ባንኩም የሚቀበለው። ረጅም ነው። አድካሚ ነው። ሰው ለአንድ ማኅተም ሲንከራተት ማየት ያሳዝናል። ይሄ ባጠረ ብዬ ከማንም በላይ የምመኘው እኔ ነኝ።

ግን ደላላው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚሸጥልን። አንደኛው ፎርም በኦንላይን መሙላት ወይም ቀጠሮ በኦንላይን መያዝ ነው። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ ውክልና ግን አይደለም። ፎርም ሞላሁ ማለት ሰጠሁ ማለት አይደለም፤ ሳይፈረም ወረቀት ብቻ ነው። ሁለተኛው ናጂዝ ነው። ናጂዝ የሳዑዲ ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ እውነትም እዚያ ላይ ኖተሪ ቤት ሳትሄጂ ውካላ ይወጣል፤ የምትገቢው በናፋዝ ነው። ግን ያ ውካላ ለዚህ አገር ፍርድ ቤትና ለዚህ አገር መሥሪያ ቤት የተሠራ ነው። በአረብኛ የተጻፈ የናጂዝ ወረቀት አትመሽ ለወንድምሽ ብትልኪለት የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት እንኳን ሊቀበለው፣ ሊያነበውም አይችልም። ትርጉም፣ የዚህ አገር ውጭ ጉዳይ፣ የእኛ ኤምባሲ፣ የእኛ ውጭ ጉዳይ ሁሉ ይከተሉታል። ሦስተኛው ደግሞ ምንም አይደለም። ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ማኅተም ነው።

ሦስተኛውን የገዛች ልጅ አውቃለሁ። ሰሜን ሪያድ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሃያ ወር ሙሉ አንድ ቀን ዕረፍት አላየችም። የአባቷ ውርስ ቀጠሮ ደርሶባት፣ እህቷ እንድትቆምላት ውክልና ፈለገች። ደላላው «ከቤት መውጣት አያስፈልግሽም፣ በኦንላይን ነው» አላት። ስድስት መቶ ሪያል በሰው በኩል ላከች። የፓስፖርቷን ፎቶ፣ የኢቃማዋን ሁለት ገጽታ፣ ፊቷን በቪዲዮ፣ ከዚያም ስልኳ ላይ የመጣውን ኮድ ሰጠች። ወረቀቱ በቴሌግራም መጣላት፤ ያምራል፣ ማኅተምም አለው። እህቷ ይዛው አዲስ አበባ ሄደች፤ ውጭ ጉዳይ ማኅተሙን አላወቀውም። ቀጠሮው አለፈ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በእሷ ኢቃማ ሁለት ሲም ካርድ መውጣቱን ሰማች። ሰውዬው ስልኩን አጥፍቷል። እሷ ተታለለች ብሎ የሚስቅ ካለ ሃያ ወር ግቢ ውስጥ ይቀመጥና ይየው።

አሁን አንዳንድ ትልልቅ እህቶቻችን ምን ይላሉ፦ «ለዚህ ነው ኦንላይን ይቅር የምንለው። በአካል ሄዶ መፈረም ነው የሚያዋጣው።» እኔ በዚህም አልስማማም። በአካል የፈረመች ሌላ እህት አለችን፤ ከዚህ በፊት ሌላ አረብ አገር ስትሠራ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ጽሑፉን ያዘጋጀላት ሌላ ሰው ነበር፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ተባለች፣ ፈረመች። ማኅተሙ እውነተኛ፣ ፊርማዋም የራሷ። ቤቷን ግን ወንድሟ ሸጦት አገኘችው። ወረቀቱ ላይ «እንዲሸጥ እንዲለውጥ» ይል ነበር፤ እሷ ያሰበችው ግን እንዲያከራይላት ነበር። በአካል መገኘቷ ምን ጠቀማት? አንድ ሰው ቀና ብሎ አላነበበላትም።

እኔ የምከራከርበት ነጥብ ይሄ ነው። ሰነድ አረጋጋጭ ማለት ማኅተም መቺ ማለት አይደለም። የአገራችን የሰነዶች ማረጋገጫ አዋጅ፣ ቁጥር 922/2008፣ ውክልና ሲሰጥም ሲሻርም ሰነድ አረጋጋጭ ፊት እንዲያልፍ የሚያዘው እንዲያው ሰው ለማንገላታት አይደለም። የሚፈርመው ሰው ራሱ መሆኑን፣ ለመፈረም ችሎታና መብት ያለው መሆኑን፣ ሳይገደድ የሚፈርም መሆኑን የሚያይ ዓይን እንዲኖር ነው። ያ ዓይን አንድ ጥያቄ ይጠይቅሻል፦ «ይሄን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ?» የሁሉም ነገር ዋጋ ያቺ ጥያቄ ላይ ናት። በወረቀት ትጠየቅ፣ በስክሪን ትጠየቅ፣ ለእኔ ለውጥ የለውም። ለውጥ ያለው ስትጠየቂ ብቻሽን መሆንሽ፣ በምትሰሚው ቋንቋ መጠየቅሽና «አይ» ብትይ የሚደርስብሽ ነገር አለመኖሩ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ የማኅበር ቤት ልንይዝ ብለን ታላቅ ወንድሜ «ሙሉ ውክልና ላኪ» አለኝ። ጽሑፉንም ከአንድ ጸሐፊ ጋ አስጽፎ በፎቶ ላከልኝ። የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ ገንዘብ እንዲያወጣ፣ ለሌላ ሰው ውክልና እንዲያስተላልፍ ሁሉ ይላል። አነበብኩት። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጸሐፊው ለሁሉም ሰው የሚሰጠው ጽሑፍ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የሚቀይረው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ የራሴን ጻፍኩ፦ በማኅበሩ በስሜ እንዲፈርም፣ ክፍያ እንዲከፍል፣ ካርታ እንዲያወጣና የግንባታ ፈቃድ እንዲከታተል። ከታች ደግሞ መሸጥ፣ ማስያዝና ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እንደማይችል። ማዳሜን ሦስት ወር ለምኜ አንድ እሑድ ኤምባሲ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ አንብባ ቀና አለችና «መሸጥ አይችልም ያልሽው አውቀሽ ነው?» አለችኝ። «አውቄ ነው» አልኳት። ያቺ ጥያቄ ደስ አለችኝ፤ እስከ ዛሬ ትዝ ትለኛለች።

ከዚያ ማታ እናቴ ደወለች። «ወንድምሽን እንደ ባዳ ቆጠርሽው?» አለች። «እማ፣ አልቆጠርኩትም። ቤቱ የሚሸጥ ቀን ከመጣ ይደውልልኝ፤ ያን ቀን ሌላ እልካለሁ» አልኳት። ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ወንድሜ ደግሞ በዚያው ወረቀት ካርታውን አወጣ። ምንም የጎደለበት ነገር አልነበረም።

ሕጉ ራሱ ከእኛ ጋር ነው እኮ፤ ይሄን ስሰማ ገርሞኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከእናቴ ይበልጣል። በጠቅላላው «ወክዬዋለሁ» ብቻ ብትዪ ወኪሉ ማስተዳደር እንጂ ቤት መሸጥ አይችልም ይላል። ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ክስ ለመክሰስና ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፤ አንቀጽ 2205 ነው። ማለትም ሕጉ በሩን ዘግቶልናል። በሩን የሚከፍተው የጸሐፊው ጽሑፍ ነው፤ ሁሉንም ቃል አንድ በአንድ ስለሚዘረዝር። ጽሑፉ አንቺ ስትፈርሚበት አንቺ የከፈትሽው ይሆናል። ስለዚህ ማንም «ፎርሙ እንዲህ ነው፣ አይቀየርም» ቢልሽ አትመኚው። የምትሰጪውን ሥልጣን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ለኦንላይኑም ያው ነው፤ እንዲያውም እዚያ ይብሳል፣ ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ ማንበብ አይጠይቅምና።

ኦንላይን ሲባል ደግሞ በትክክል የሚሠሩበት አገሮች አሉ፤ እሱን አልክድም። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እዚያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖተሪው በቪዲዮ እያየሽ ያስፈርምሻል። መታወቂያሽን ያጣራል፣ ያነጋግርሻል፣ ቪዲዮው ተቀርጾ ይቀመጣል። ኢስቶኒያ የምትባል ትንሽ የአውሮፓ አገርም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዜጎቿ ውጭ አገር ሆነው ከኖተሪያቸው ጋር በቪዲዮ እንዲጨርሱ ፈቅዳለች። አያችሁ፣ እነሱ ጋ ኦንላይን ማለት ጥያቄውን ማስቀረት ማለት አይደለም። ጥያቄውን ሰውየው ያለበት ድረስ ይዞ መሄድ ማለት ነው። ደላላ የሚሸጥልን ግን ጥያቄ የሌለበት ማኅተም ነው።

እኛስ ጋ ቪዲዮ ቢጀመር ይበቃናል? አይበቃንም፤ እዚህ ላይ ነው ቲክቶክ ላይ ያሉት ወንድሞቻችን የማያውቁን። የእኛ ኑሮ ከአክስቴ ልጅ ኑሮ ይለያል። ናፋዝ የሚሠራው በኢቃማ ቁጥርሽ፣ በስምሽ ባለ ስልክ ቁጥርና በፊትሽ ነው። ኢቃማውን የሚያድሰው ከፊሉ ነው፤ ኹሩጅ ዐውዳውን በአብሽር የሚያወጣው ከፊሉ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕጉ ሲሻሻል ሌላው ሠራተኛ ያለ ከፊል ፈቃድ ወጥቶ የመመለስ መብት አገኘ፤ እኛ የቤት ሠራተኞች ግን አልተካተትንም። ስንቶቻችን ነን ሲማችን በራሳችን ስም የሆነው? ስንቶቻችን ነን በራችንን ዘግተን ሩብ ሰዓት በስልክ ማውራት የምንችለው? እኔ የማወራው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ማሽኑ እየተሽከረከረ፣ ሕፃኑ በሩን እየደበደበ። እዚያ ሆኜ አንድ የመንግሥት ሰው በቪዲዮ «ሳትገደጂ ነው የምትፈርሚው?» ቢለኝ፣ ከጀርባዬ ደግሞ ማዳም ብትቆም፣ ምን ብዬ ልመልስ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ነገር የተለየ መሆን አለበት። ኤምባሲያችን በቪዲዮ ማረጋገጥ ከጀመረ ልጅቷ ብቻዋን መሆኗን ያጣራ፤ ካሜራውን ክፍሉ ውስጥ አዙሪ ይበላት። ጽሑፉን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ድምፅ አውጥቶ ያንብብላት፤ ማንበብ የማትችል እህት አለችን፣ የጣት አሻራዋን ይዛ ነው የመጣችው። «አሁን አልመቸኝም» ስትል ቀጠሮው ያለ ክፍያ ይለወጥላት። ኮዱ የሚላከው በስሟ ወዳለ ስልክ ብቻ ይሁን፤ በስሟ ስልክ የሌላት ደግሞ በአካል ትቅረብ፣ የምትቀርብበትም ቀን ይኑራት። የዚህ አገር መሥሪያ ቤት ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። እኛ ደግሞ ዕረፍት ካገኘን የምናገኘው ዓርብ ነው። የዚህ አገር ደንብ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጠናል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራበት አዲሱ ደንብ ሃያ አራት ሰዓት ተከታታይ ነው ይላል፣ ፓስፖርታችንን መያዝም ይከለክላል። ደንቡ አለ፤ ቀኑ ግን በሩ ከተዘጋበት ቀን ጋር ይገጥማል። በወር አንድ ዓርብ፣ ሪያድም ጅዳም፣ ለቤት ሠራተኛ ብቻ የሚከፈት መስኮት መጠየቅ ቅንጦት ነው?

«ኤምባሲው ሰው የለውም፣ በጀት የለውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኛ የምንልከው ሪያል በባንክ ሲገባ ግን «የውጭ ምንዛሪ ጀግኖች» እንባላለን። ጀግና ከሆንን ዓርብ ግማሽ ቀን አይከብድም።

እስከዚያው ደላላ አለ፤ ነገም ይኖራል። እሱን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ገጹ ላይ ቁጥር ወጥቶ ናፋዝሽ ላይ «ይሄን ቁጥር ንኪ» የሚልሽ ሰው ካለ አትንኪ። ያ ቁጥር ፊርማሽ ነው። በእሱ ሲም ይወጣል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፈታል፣ ሌላም ይፈረማል፤ አንቺ ግን ውክልና የሰጠሽ መስሎሽ ትተኛለሽ። ሰው እንዲጽፍልሽ መክፈል ነውር የለውም፤ ብዙዎቻችን መተየብ አንችልም። የሚጽፍልሽ ግን ይጻፍ እንጂ አይፈርምልሽ። ጽሑፉን ላኪልኝ በይው፤ ለምታምኛት ልጅ አስነብቢ፤ «መሸጥ»፣ «ማስያዝ»፣ «ማስተላለፍ» የሚሉ ቃላት ካሉ ፈልገሽ ያልሻቸው መሆናቸውን እይ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ማንም የማያወራው መሻር ነው። ውክልና መስጠትን በኦንላይን እናድርግ የሚል ሰው ሞልቷል፤ መሻርን በኦንላይን እናድርግ ሲል የሰማሁት የለም። በሕጋችን ውክልናሽን በፈለግሽበት ቀን መሻር ትችያለሽ፤ «አልሽረውም» ብለሽ ብትፈርሚ እንኳን ያ ቃል አያስርሽም። ግን መሻሪያውም እንደ መስጫው ተረጋግጦ መሄድ አለበት፤ ያው ኤምባሲ፣ ያው ውጭ ጉዳይ፣ ያው ወረፋ። አንቺ ማዳም ፈቃድ እስክትሰጥሽ ሦስት ወር ስትጠብቂ ወኪልሽ በሦስት ቀን ይሸጣል። መሻሩን ያልሰማ ሰው በቅንነት ከገዛ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ፍርድ ቤት ያደርስሻል። ስለዚህ ኦንላይን የሚጀመር ከሆነ ከመሻር ይጀመር። ስሰጥ ብዘገይ ግድ የለኝም፤ ስነጥቅ ነው መፍጠን ያለብኝ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ ከአልጋዬ ሆኜ «ሽሬዋለሁ» ስል በዚያው ሰዓት የመሬት ጽሕፈት ቤቱም ባንኩም የሚያይበት ነገር ይሠራልን።

እስኪሠራ ድረስ የሰጣችሁትን ውክልና ቁጥርና ቀን፣ ከነ ፎቶው፣ ከወኪሉ ሌላ ሰው ጋ አስቀምጡ፤ መሻሪያ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። መሻሪያው እንደተፈረመም ዋናው ወረቀት በመንገድ እያለ ፎቶውን ንብረቱ ላለበት መሬት ጽሕፈት ቤት፣ ለባንኩና ለማኅበሩ ሰብሳቢ በዘመድ እጅ አድርሱ፤ የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን አስጽፉ። የዓርቡን መስኮት ጥያቄ ደግሞ በደብዳቤ እያዘጋጀነው ነው። ስማችሁን መጻፍ የምትፈሩ የሠፈራችሁን ስምና ስንት ወር ዕረፍት እንዳላገኛችሁ ብቻ ላኩልን።